የአበጋዝ መዳፍ

አበጋዝ ካረፈ አምስት ወር ሆነው። ሹፌሮቹ ዛሬም ስሙን ሲያነሱ አብረው ጆሮውን ያነሳሉ። ልጁ ሄራን ግን የሚታወሳት መዳፉ ነው።

ጋራዡ በታችኛው ሰፈር ሲቀላ ውስጥ፣ መንገዱ ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ ሽቅብ መውጣት ከሚጀምርበት ሥር ነበር። አይሱዙም ሆነ ሚኒባስ ዳገቱን ከመያዙ በፊት እዚያ ሲደርስ ቀስ ይላል። አበጋዝ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሞተሩን ያዳምጣል። እጁን ወደ ላይ ካወዛወዘ ሹፌሩ ልቡ ሞልቶ ይወጣል፤ መዳፉን ከዘረጋ ደግሞ ዳር ይዞ ይቆማል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖረ።

ከዚያ ጆሮው ከዳው፤ መጀመሪያ ግራው፣ ቀጥሎ ቀኙ። ይህን የሚያውቁት እሱና ሄራን ብቻ ነበሩ። መኪና ሲመጣ ሄራን ከኋላው ትቆምና ጀርባውን በጣቷ ትነካዋለች። አንዴ ከነካችው ደህና ነው፣ ሁለቴ ከነካችው አስቁመው ማለት ነው። ሰው ሲያናግረው የሰውየውን ከንፈር እያየ ይመልሳል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሳሉ፣ “ይሄ ሰው ሁሉ የሚመጣው ለጆሮዬ ነው። ጆሮዬ እንደሌለ ካወቀ እኔ ማነኝ?” አላት። ሄራን ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰችው። ከዚያ ወዲያ ምስጢሩን ከእሱ ይልቅ አጥብቃ የምትጠብቀው እሷ ሆነች።

ቀይዋ የስፖርት መኪና የመጣችው ይህ ነገር ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ያመጣት የሴቻው ልጅ ቴዎ ነበር፤ አዲስ አበባ ይሠራል፣ ለእህቱ ሠርግ መምጣቱ ነው። መኪናዋ ጋራዡ ደጃፍ ስትቆም የሲቀላ ባጃጅ ሁሉ ሥራ የፈታ መሰለ። ቀድሞ የደረሰው ሳምሶን ነው። ሳምሶን የሚነዳው ባጃጅ ይሁን እንጂ፣ የዓለም የስፖርት መኪና ሁሉ ስንት ሲሊንደር እንዳለው በቃሉ የሚወጣ ሰው ነው።

“አውቃታለሁ! የዱሮዋ ግን እጀታ ነበራት። ይቺ በምንድነው የምትከፈተው?” አለ።

ቴዎ ፈገግ ብሎ ኪሱን ነካ። ከበሩ ጋር ተለጥፎ የነበረው እጀታ ብቅ አለ።

“ለሰላምታ እጇን ዘረጋች እኮ!” አለ ኤርጫፎ፣ የአይሱዙ ሹፌሩ። “የእኔዋን በር ለመክፈት ትከሻዬን ነው የምገብረው።”

የኋላ ክንፏ በራሱ ከፍ ሲል ሳምሶን ከሥሯ ተንበርክኮ ቀረ። ወንበሯ ጀርባ እንደሚያቀዘቅዝ ሲሰማ ግን ዘሎ ገባና መውጣት እምቢ አለ።

“በዚህ ፀሐይ ይህን ወንበር ያገኘ ሰው ምን ሊሠራ ቤቱ ይሄዳል?”

“ውጣ አንተ፣ ተራ ነው!” አሉት ሌሎቹ።

“እሺ፣ ከዚህ ሴቻ በስንት ሰከንድ ትገባለች?” ኤርጫፎ ጠየቀ።

“እሱን የሚያውቀው የመንገዱ ጉድጓድ ነው” አለ ቴዎ።

ሰዉ ስቆ ሳይጨርስ ቴዎ ጎንበስ ብሎ አንድ ቁልፍ ተጫነ። ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ ጉርምርምታ መንገዱን ሞላው። ሳምሶን ዓይኑን ጨፈነ።

“ስምንት ሲሊንደር! የዱሮዋ ስድስት ነበረች፣ ጨምረውላታል! ስሙት፣ ስሙት እንዴት እንደሚተነፍስ!”

“ጋሼ ይንገረን!” አለ ኤርጫፎ። ሁሉም ወደ አበጋዝ ዞረ።

ሄራን የአባቷን ጀርባ አንዴ ነካች። ሞተሩ እሷ ከሰማችው ሁሉ የጠራ ነበር። አበጋዝ ግን እጁን አላወዛወዘም። ወደ መኪናዋ ሄደ፣ መዳፉን የፊት ኮፈኑ ላይ አሳረፈ፣ ወደ በሩ ወሰደው፣ ተመልሶ ኮፈኑ ላይ አሳረፈው።

“በል እንግዲህ፣ ሞተሩን አስነሳው” አለ።

አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ሳቁን ዋጠ። መኪናዋ እንደሆነ እያገሳች ናት። ኤርጫፎ አንዴ አበጋዝን፣ አንዴ ሄራንን አየ። ሄራን ወደ አባቷ ተጠጋች። በቃ፣ ዛሬ ታወቀ አለች በልቧ።

“ጋሼ፣ ተነስታለች እኮ” አለ ኤርጫፎ ለስለስ ብሎ።

አበጋዝ ከንፈሩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። “አልተነሳችም። ቆርቆሮዋ እንደ ከበሮ ቆዳ ላዩን ይርገበገባል። ከውስጥ የሚመታ ነገር የለም።”

ቴዎ የመኪናዋን ድምፅ ዝቅ አደረገው። “እውነቱን ነው” አለ እያፈረ። “የዘንድሮዋ በኤሌክትሪክ ነው የምትሄደው። ድምፁ ከድምፅ ማጉያ ነው፤ አዲስ የጨመሩባት እሱን ነው። ቀልዴን ነበር።” ኮፈኑን ከፈተ። ውስጡ የዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ የሠርግ ጫማዎች ተደርድረውበታል።

“ስምንት ሲሊንደር!” አለ ኤርጫፎ ጫማ እያነሳ። “ሳሚ፣ ና ቁጠርልን!”

ሳምሶን ግንባሩን መታ። “ጭስ ማውጫ እንኳ የላትም! እዚያው ኋላዋ ተንበርክኬ!”

ከዚያ ጩኸቱ ወደ አበጋዝ ዞረ። “ጆሮ ማለት ይሄ ነው! ሁላችንም ስንታለል!” እያሉ ትከሻውን ያዙት። ምስጢሩ ተርፏል፤ እንዲያውም ከትናንት ይልቅ ጸንቷል። ሄራን ወደ ውስጥ ልታስገባው ክንዱን ያዘች።

አበጋዝ ክንዱን ቀስ አድርጎ አስለቀቀ።

“መኪናዋ ውብ ናት፤ የሠራት እጅ ይባረክ” አለ። “ጆሮዬን ግን አታመስግኑ። ጆሮዬ ከሄደ ዓመት ሊሞላው ነው። ጀርባዬን እየነካች ዳገት ስታስወጣችሁ የኖረችው ይቺ ልጅ ናት። የሰው ነፍስ ጭናችሁ ስታልፉ ያልሰማሁትን ሰማሁ ማለቴ ጎሜ፣ መዘዝ የሚያመጣ ጥፋት ነው። አባቴ አገራችን ጨንቻ ላይ፣ ሰው ፊት ያልወጣ ጥፋት ዞሮ ቤትህ ይገባል ይለን ነበር። ይኸው፣ ፊታችሁ አወጣሁት።”

ቴዎ የመኪናዋን ድምፅ አጠፋ። ሄራን መሬት መሬቱን ታያለች፤ አሁን አንድ በአንድ መሄዳቸው ነው ብላ የእግር ኮቴ ትጠብቃለች።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ኤርጫፎ ነው። ወደ አይሱዙው ሄዶ አመጣው፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ካቢኑን አነሳ፣ ተመልሶም የአበጋዝን እጅ አንጓው ላይ ይዞ ወደ ሞተሩ ወሰደው። ፊቱን አስተካክሎ፣ ከንፈሩ እንዲታይ ቀስ ብሎ ተናገረ።

“ሁለት ቀኗ ነው። ዳገት ላይ ትደክምብኛለች። ንካልኝ።”

አበጋዝ ጣቶቹን በቀጫጭኖቹ የነዳጅ ቱቦዎች ላይ አንድ በአንድ አሳለፈ። አንዱ ላይ ቆየ፤ ወደሚቀጥለው አለፈና መልሶ እዚያው መጣ።

“ሦስተኛው ኖዝል ነዳጅ በደንብ አይረጭም” አለ።

ኤርጫፎ ወደ ሄራን ዞረ። “አንቺስ ምን ትያለሽ?”

እስከዚያ ቀን የእሷን ሐሳብ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ቀረብ ብላ አዳመጠች።

“ሦስተኛው ነው” አለች፣ አባቷ እንዲያያት ቀና ብላ።

“እንግዲያማ እንፍታው፤ የአሥራ ሰባት ቁልፍ አምጪ” አለ አበጋዝ።

ቁልፉን ይዛ ስትመለስ ሳምሶን ቀይዋን መኪና ትቶ ባጃጁን ከአይሱዙው ኋላ አስጠግቶ፣ ተራ ይዞ ነበር።