የማክሰኞ ወዳጅ

«አንቺስ በየት በኩል ነው የምታውቂያት?» አለች የሟቿ ልጅ አክስት፣ ቡናውን ከፔርሙስ እየቀዳች።

ነርሷ ከሐዘንተኛው ሁሉ ርቃ በሩ ሥር ነበር የተቀመጠችው። ልቅሶ ቤቱ ስትመጣ ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ እስካሁን እንባዋን ውጣ ቆይታለች። አምርራ ብታለቅስ መጠየቋ አይቀርማ።

«ወዳጇ ነኝ» አለች። ሟቿ ከቀጠሮዋ ስትቀር ደውላ፣ ስልኩን ላነሳችው ልጅ ያለቻትም ይህንኑ ነበር።

ያላለችው ደግሞ ይሄ ነው። ሟቿ ልብስ ሰፊ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በየሦስት ወሩ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ነርሷ ወደምትሠራበት የምርምር ማዕከል እየመጣች ደሟን ትሰጥ ነበር። በደሟ ውስጥ የተገኘው ኤችአይቪ የሁለት ዓይነት ቫይረሶች ድብልቅ ነው። ተመራማሪዎቹ ጠባዩን አጥንተው ከሌሎቹ ዝርያዎች ጋር መደቡት፤ አዲስ ክትባት በታሰበ ቁጥር አንዱ መፈተኛ እሱ ሆነ። ሰው ሁሉ የሚሸሸውን ነገር፣ ይህች የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ለሰው ሁሉ አዋለችው። ስንት የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ልብ አለው?

አንድ ማክሰኞ ነርሷ አዲሱ የክትባት ሙከራ በእሷ ቫይረስ ላይ እንዳልሠራ ነገረቻት።

«እልኸኛ ነው፤ ወደ እኔ ያደላል» ብላ ሳቀች ልብስ ሰፊዋ። «ግድ የለም፣ የኔን የቻለ ቀን የማንንም ይችላል። በይ ውጊኝ!»

በሦስተኛው ቀን አክስቲቱ አጠገቧ ላለችው ሴት መንሾካሾክ ጀመረች። ምላሷ ጤፍ ይቆላል፤ ሹክሹክታዋ ደግሞ ሦስተኛ ቤት ይሰማል።

«ማክሰኞ ማክሰኞ ሱቋን ዘግታ፣ ተኳኩላ ስትወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው ቢኖራት ነው እንጂ!»

የነርሷ ደም ፈላ። እንዲህ ያለች ሴት ትታማ? እውነቱን ብትናገር ሐሜቱ እዚያው ይሞታል። ግን ምስጢሩ የእሷ አይደለም፤ ባለምስጢሯ ብትሞትም ያው የባለምስጢሯ ነው።

«እኔ ጋ ነበር የምትመጣው!» አለች ድንገት። «ልብስ ልትሰፋልኝ።»

አክስቲቱ የነርሷን ኮት ከላይ እስከ ታች አየችው። ከመንገድ ዳር በርካሽ የተገዛ ነው፤ አንዱ እጅጌ ካንዱ ይረዝማል፣ ኮሌታው ተንጋዷል።

«ይሄን ነው የሰፋችልሽ?»

ነርሷ መግቢያ ጠፋት። ምስጢሯን እጠብቃለሁ ብላ የሴትዮዋን ሙያ አሰደበች።

«እሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ ከሶፋው ላይ። «ስለማመድ። እማዬ ልታስተካክለው ነበር።»

«ያንቺ ከሆነስ ገባኝ» አለች አክስቲቱ፣ ስኒዋን አነሳችና።

ነርሷ ልትሄድ ስትነሳ ልጅቷ በሩ ላይ ደረሰችባት።

«ክኒኖቿን ካየሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል» አለቻት ወደ ጆሮዋ ተጠግታ። «እንዳይከፋት ብዬ ምንም እንደማላውቅ ሆኜ ኖርኩ። ማክሰኞ የት እንደምትሄድ ግን አላውቅም። አይንገሩኝ፣ እትዬ። አንድ ነገር ብቻ፦ እናንተ ጋ ስትመጣ ትሸማቀቅ ነበር?»

«እሷ? ኧረ በጭራሽ!» አለች ነርሷ። «እንዲያውም እኛ ነን ስትገባ ብድግ የምንልላት።»

ልጅቷ ቦርሳዋን ተቀበለቻት። እጇን ይዛ ወደ ውስጥ መለሰቻትና «አክስቴ፣ እስቲ ጠጋ በይ» ብላ ቤተሰቡ ከተቀመጠበት ሶፋ ላይ ቦታ አስለቀቀችላት። ነርሷ ተቀመጠች፤ ድምጿን አውጥታም አለቀሰች።