ሞጁሉና ንጉሡ ሠ

ለሰፈራችን ለካምዎክያ፣ ለአካባቢዋና ለመላው የኮምፒውተር ዓለም ይድረስ፦ ከዛሬ ሰኞ ጀምሮ «ስም» የሚለው ቃል በድርጅታችን ውስጥ በእሳቱ ሰ መጻፉ ቀርቶ፣ በንጉሡ ሠ «ሥም» ተብሎ እንዲጻፍ ተወስኗል። ውሳኔው ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይሠራል። ሥዩም፣ ሥራ አስኪያጅ።

ድርጅቱ ከሞባይል ጥገና ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ፕሮግራም ጸሐፊዋ ኑሃ ማስታወቂያውን ቴሌግራም ላይ አነበበች፣ በቻፓቲ የተጠቀለለ የእንቁላል ሮሌክሷን ገመጠች፣ «እሺ ጋሼ» ብላ ጻፈችና ረሳችው። የጋሼ ሥዩም ማስታወቂያ እንደ ጉንፋን ነው፤ ይመጣል፣ ያስነጥሳል፣ ይሄዳል።

እሷን ያሳሰባት ሌላ ነው። ካባላጋላ ሰፈር ባለው የወይዘሮ የሺሀረግ ክሊኒክ አንድ በሽተኛ ሐሩን፣ ሃሩንና ኀሩን ሆኖ ሦስት ካርድ አለው። ፊደሉ ቢለያይም ድምፁ አንድ የሆነውን ስም ሁሉ አንድ ላይ የሚያመጣ ፕሮግራም ታዘዙና መጀመሪያ ፓይዘን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ብቻ ሠሩት። ይሠራል፤ ግን ነርሷ ስም ጽፋ መልሱ እስኪመጣ በቦዳ ሞተር ገበያ ደርሳ ልትመለስ ትችላለች። ስለዚህ ኑሃ ከባዱን ክፍል ሲ በሚባለው ፈጣን ቋንቋ ጽፋ ኮምፓይል አደረገችው፣ ማለትም ማሽኑ ብቻ ወደሚያነበው ቋንቋ ለወጠችውና «ስም» የሚባል ሞጁል ወጣው። ፓይዘን እንደ ገዛ ዕቃው ይጠራዋል፤ መልሱም ከዓይን ጥቅሻ ይቀድማል።

ጋሼ ሥዩም ግን የማያነቡትን ነገር አያምኑም። «ነገ ክሊኒኩ ውስጥ ካልሠራ» አሏት፣ «ሲ የሚባል ነገር እዚህ ቢሮ አይነሳም። አንቺም ስልክ ማንሳት ትጀምሪያለሽ።»

ማክሰኞ ጠዋት ወይዘሮ የሺሀረግ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጡ። ኑሃ ደረቷን ነፍታ ቁልፉን ተጫነች። ፓይዘን በቀይ ጮኸ፦ ሞጁሉን አግኝቻለሁ፣ መግቢያውን ግን አላገኘሁም።

«ብዬ ነበር!» አሉ ጋሼ ሥዩም።

«ቆይ እስቲ ጋሼ። ትላንት እኔ ከወጣሁ በኋላ ላፕቶፑን ማን ነካው?»

«ውሳኔው ወደ ኋላም ይሠራል ብያለሁ። የፋይሉን ስም በንጉሡ ሠ አደረግኩት። ፕሮግራሙ ውስጥ የሚጠራበትንም ቀየርኩ። አንድም አላስቀረሁም።»

ኑሃ ሳቋን ዋጠች። ነገሩ ገባት፤ ድንጋጤዋም እዚያው ለቀቃት።

«አንድ አስቀርተዋል። ይሄ ኮምፓይል የተደረገ ነው እኮ! ፓይዘን ፋይሉን ይከፍትና ውስጥ ገብቶ በፋይሉ ስም የተሰየመ ፈንክሽን ይጠራል። እርስዎ የውጭውን ታፔላ ቀየሩ፤ ውስጥ ያለው ዘበኛ ግን ስሙ እንደ ድሮው ነው። በንጉሡ ሠ ሲጠሩት ምን ቆርጦት አቤት ይላል?»

«ድምፁ አንድ አይደል እንዴ?»

«ለእኛ ነዋ! ለማሽኑ ሁለት ሰው ናቸው።»

ወይዘሮ የሺሀረግ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሠ እና ሰ አንድ ናቸው የሚል ፕሮግራም ልትሸጡልኝ መጥታችሁ፣ በሠ እና በሰ ተጣላችሁ?» ወደ ጋሼ ሥዩም ዞሩ። «ደግሞ ስም በእሳቱ ነው። ክሊኒክ ከመክፈቴ በፊት አማርኛ አስተምሬያለሁ።»

ጋሼ ሥዩም ሌላ ማስታወቂያ ያማራቸው መሰሉ።

ኑሃ ሁለት መንገድ ነበራት። በአዲሱ ስም እንደገና ኮምፓይል ብታደርገው የጋሼ ሥዩም ፊት አይቀላም። ወይም የድሮ ስሙን ትመልስለታለች። ሞጁሉን የወለደችው እሷ፣ ስም ያወጣችለትም እሷ። ፋይሉንም ጥሪውንም ወደ እሳቱ ሰ መለሰች፣ ቁልፉን ተጫነች። ቀይ የለም። ላፕቶፑን ወደ ወይዘሮ የሺሀረግ ገፋ አደረገችው።

«የፈለጉትን ይጻፉ።»

«ሐሩን» ብለው ጻፉ። ጣታቸው ከቁልፉ ሳይነሳ ሦስቱም ሐሩኖች ተሰልፈው መጡ። «ዓለሙ» ብለው ጻፉ፤ አለሙም ተከትሎ መጣ።

«ወይ ጉድ! እንግዲህ ነርሷ በምን ታሳብባለች?» ሳቁ። «እንወስደዋለን። ግን ይሄንን ፈጣኑን። ያ የፊተኛው እንዳይመጣብኝ።»

ወደ ታክሲ ማቆሚያው ሲወርዱ ጋሼ ሥዩም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከዛሬ ጀምሮ ከባድ ከባዱ ሁሉ በሲ ይጻፋል። ኃላፊዋም አንቺ ነሽ።»

ኑሃ ቆመች። «ትላንት እኮ ሲን አያምኑትም ነበር። ምን ተገኘ ጋሼ?»

ታክሲው መጣ። ጋሼ ሥዩም ኮሌታቸውን አስተካክለው ገቡና መስኮቱ ጋ ተቀመጡ።

«አላብራራም» አሉ።