ለአለቃ የተመረጠ ሰንጢ

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ያን ንግግር የሰማችው ከብዙ ዓመት በፊት፣ በቢሮዋ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ በኩል ነበር። ግማሹ ጠፍቶባታል። አትክልተኛው ምን ብሎ እንደጀመረ አታስታውስም፤ "ለችግኝ ማዳቀያ የሚሆን አንድ ደህና ሰንጢ ቢገዛልኝ" ያለ ይመስላታል። ሥራ አስኪያጁ የመለሰውን ግን ከነሳቁ አልረሳችውም።

"አንተን ምላስህ አይበቃህም? በሱ ቁረጥ እንጂ።"

ከዚያ ወንበር ተንቋቋ፤ በር ተዘጋ። አትክልተኛውም በየጉልቱ የሚሸጥ ርካሽ ሰንጢ እየገዛ፣ አንዱ ሲደንዝ በሌላው እየተካ የችግኝ ጣቢያውን ዛፎች ሁሉ አዳቅሎ ለጡረታ በቃ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ለስንብቱ ምን ይገዛለት ሲባል ሳታስበው "ሰንጢ" ያለችው በዚያ ምክንያት ነው።

በዚያ መሥሪያ ቤት ስጦታ የሚገዛው ለአለቃ ብቻ ነበር። አለቃ ሲሾም ይገዛል፣ ሲዛወር ይገዛል፣ ልጁን ሲድር ይገዛል። ዘንድሮ ግን ከበላይ አካል "ለሠራተኛ የተደረገ ሽኝት በፎቶግራፍ ተደግፎ ይላክ" የሚል መመሪያ ወርዶ ሥራ አስኪያጁ በአንድ ጀምበር ለሠራተኛ አሳቢ ሆነ።

"ስለ ሰንጢ የሚያውቅ እሱ ራሱ ነው" አላት። "የበዓል ቅናሽ አለ አይደል? ከሾፌሩ ጋር ይዛችሁት ሂዱና ይምረጥ። እሱ የመረጠውን ግዙ። ለማን እንደሆነ ግን ትንፍሽ እንዳትሉ፤ ሰርፕራይዝ ነው።" በብልሃቱ ራሱን እያደነቀ ነበር።

እሷም "እሺ ጌታዬ" ብላ ወጣች። እሺ ማለት ለእሷ እንደ መተንፈስ ነው።

አሁን ሦስቱም ሱቁ ውስጥ ናቸው። መስታወቱ ሁሉ "ታላቅ የበዓል ቅናሽ" በሚል ቀይ ወረቀት ተሸፍኗል። ድምጽ ማጉያው ይጮኻል። ሕዝቡ ዕቃው በነጻ የሚታደል ይመስል ይጋፋል። አትክልተኛው፣ በሥራውም በአፉም ምክንያት ሁሉ ሰው "ጋሽ መቀስ" የሚለው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በንቀት ይመለከታል። አንዱ ጎረምሳ መጋዝ ያለው ሰንጢ ከፍቶ አየር ይቆርጣል። ሌላው መጥረቢያ የሚያህል ስለት ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ ራሱን በመስታወት ያያል።

"ተመልከት" አለ አትክልተኛው ለሾፌሩ። "ይሄ ሁሉ ሰው ነገ ጫካ ሊገባ ነው እንዴ? ብርቱካን እንኳ ሚስቱ ናት የምትልጥለት።"

"ተው እንጂ ጋሽ መቀስ፣ ይሰሙሃል።"

"ይስሙ። ቅናሽ ላይ ያለ ሰው ጆሮ የለውም።" ወደ ሴትዮዋ ዞረ። "ለመሆኑ ለማን ነው የምመርጠው?"

ሴትዮዋ ተዘጋጅታበት የመጣችውን መልስ ሰጠች። "ከመሥሪያ ቤቱ ለሚሰናበት ሰው ነው፣ ጋሼ።"

አትክልተኛው ፈገግ አለ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሊዛወር ነው የሚለው ወሬ ከተሰማ ሰንብቷል። "ይሁን" አለ። "እንመርጥለታለን።"

ሻጩ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ ወጣት ነው። አንዱን ጥቁር ሰንጢ በአውራ ጣቱ ቷ አድርጎ ከፈተ።

"ፋዘር፣ ይሄ ኦርጅናል ነው። በዓል ሆኖ ነው እንጂ በዚህ ዋጋ አይታሰብም።"

"ምን ይቆርጣል?"

"ሁሉንም።"

"ሁሉንም የሚቆርጥ ምንም አይቆርጥም። እሱን ለእነዚያ ለአየር ቆራጮቹ ስጣቸው።"

ሻጩ ሳቀ፤ ሳቁ ግን እስከ ዓይኑ አልደረሰም። ሌላ አቀረበ፣ ሌላም። አትክልተኛው አንዱን ከፍቶ ስለቱን ወዲያ ወዲህ ነቀነቀና መለሰው፤ "ጥርሱ እንደሚነቃነቅ ሽማግሌ ነው።" አንዱን አሸተተው፤ "ዘይት የቀቡት ዝገቱን ሊሸፍኑ ነው።" አንዱን ሳይነካው አለፈ። ከጎናቸው የቆመች ሴት ለባሏ ልትገዛ የያዘችውን ቀስ ብላ ወደ ቦታው መለሰች።

በመጨረሻ፣ ከመደርደሪያው ጥግ፣ ማንም ያልነካው አንድ ሰንጢ አነሳ። እጀታው ተራ እንጨት ነው፤ ጌጥ የለውም። ሲከፍተው ድምጹ አጭርና ወፍራም ነበር፤ ስለቱም ሳይነቃነቅ ቆመ። አትክልተኛው ከኮቱ ኪስ ጠዋት ሲከረክም የቀረች እርጥብ ቅርንጫፍ አወጣና ገደድ አድርጎ ቆረጣት። አንዴ ብቻ ነው የሳበው። የተቆረጠበትን ገጽ ወደ ብርሃን አቅርቦ አየው፤ በጣቱ ዳበሰው። 

"ይሄ" አለ በስተመጨረሻ፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ "ይሄ ብረት ነው።"

"እንግዲያው እሱን እንውሰድ" አለች ሴትዮዋ ፈጥና። 

"ለሱ?" አትክልተኛው በመገረም አያት። "ምን በደለ ይሄ ብረት?"

"ለማን ነው የሚሉት፣ ጋሼ?"

"ለማን ይሆናል? ለአለቃሽ ነዋ። ይሄን ለሱ ሰጥቶ መሳቢያ ውስጥ ከማኅተም ጋር መቅበር ነውር ነው። ሰውየው በዕድሜው ከኬክ በቀር የቆረጠው ነገር የለም፤ እሱንም ሰው እጁን ይዞለት።"

ሴትዮዋ አፏን ልትከፍት ስትል ሾፌሩ ክርኗን ያዛት።

"ትንፍሽ እንዳትሉ ተብለናል" አለ በሹክሹክታ። "እኔ የልጆች አባት ነኝ።"

"ለአለቃው ባይሆንስ?" አለች እንደምንም። "ለሌላ ሰው ቢሆንስ?"

"ለሌላ ሰው እዚያ ቤት መቼ ተገዝቶ ያውቃል? ዘበኛው ሲሰናበት ምን ሰጡት? 'ካፖርቱን መልስ' አሉት። በዝናብ። አንቺም ነበርሽ።"

ነበረች። የተመለሰውን ካፖርት መዝግባ የተረከበችው እሷ ራሷ ናት።

አትክልተኛው የእንጨት እጀታውን ሰንጢ እንደ ተኛ ልጅ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና በደስታ ፍለጋ ጀመረ። ብዙም አልቆየ። ወርቃማ ቀለም የተቀባ፣ ጠርሙስ መክፈቻና ጥርስ መጎርጎሪያ ያለው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ አምፖል የምትበራ ሰንጢ ይዞ ተመለሰ። ስለቱ ሲከፈት እንደ ሰካራም ወለም ዘለም ይላል።

"ይሄ ነው። ለሱ የተፈጠረ ነው። ያበራል፣ ይከፍታል፣ ይጎረጉራል። ሥራ ብቻ አይሠራም።"

"ጋሼ፣ እባክዎ ያንኛውን..."

"አልኩ እኮ። ምረጥ ብላችሁ አመጣችሁኝ፣ መረጥኩ።"

ሾፌሩ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ፈልጎ ወርቃማውን ይዞ ወደ ከፋዮቹ ሰልፍ ገባ። ሴትዮዋ ዞር ስትል ሽቶው የሚያውድ አንድ ሰው የእንጨት እጀታውን አንስቶ ሻጩን "ካርቶን መክፈቻ ይሆነኛል?" ሲል ሰማች። ሻጩም "የመጨረሻው ነው፣ ቶሎ ይውሰዱት" አለው። አትክልተኛው ሰውየውን እስከ በሩ ድረስ በዓይኑ ሸኘው።

"አየሽ?" አላት። "ለካርቶን።"

አሁንም መናገር ትችል ነበር። ወርቃማው ገና አልተከፈለበትም። እሷ ግን ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። በልቧ "አምላኬ፣ አንተ አስተካክለው" አለች፤ እሷ በአፏ ልታስተካክለው የምትችለውን።

ሱቁ ለበዓሉ ስም በነጻ ይቀርጻል። ሾፌሩ እንደታዘዘው የሚቀረጸውን ስም ለቀራጩ በጆሮው ነገረው። ቀራጩ ግን ጫጫታው ውስጥ ቆሞ የሚሠራ ሰው ነውና፣ ጨርሶ ሲያበቃ ወርቃማውን ሰንጢ ከፍ አድርጎ የቀረጸውን ስም ከነአባት ከነአያት ጮክ ብሎ ተጣራ።

ከደመወዝ ቀን በቀር አትክልተኛውን በዚያ ስም የሚጠራው አልነበረም። ልማድ ሆኖበት "አቤት" አለ።

ከዚያ ቀራጩን አየ። ሰንጢውን አየ። ሾፌሩን አየ፤ ሾፌሩ የጫማውን ማሰሪያ ለማሰር ጎንበስ አለ፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም።

መኪናው ጋ ሲደርሱ አትክልተኛው በሩን ሳይከፍት ቆመ።

"ለኔ ነበር" አለ።

"ለእርስዎ ነበር፣ ጋሼ። የሚሰናበቱት እርስዎ ነዎት።"

"እና ዝም ብለሽ አየሽኝ።"

"አትናገሩ ተብለን..."

"እሱን ተይው። እሱ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የመረጥኩለትም አውቄ ነው። አንቺ ነሽ ያልገባሽኝ።" ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። "ዕድሜ ልኬን ሰው ስሰድብ ኖሬ፣ ስድቤን ስሜ ተቀርጾበት ገዙልኝ። ደግ አደረጉ። ውሰዱትና ስጡት ለባለቤቱ። እኔ ሽኝት የሚባለው ላይ አልመጣም።"

"ባይመጡም ይደረጋል" አለች።  "እሱ የሚፈልገው ፎቶ ነው። ሰንጢው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይነሳል፤ 'በሕመም ምክንያት አልተገኙም' ተብሎ ይጻፋል። የምጽፈውም እኔ ነኝ።"

አትክልተኛው ይህን አላሰበውም ነበር። ወደ ሱቁ በር አየ፤ ቅናሽ ያሳበደው ሕዝብ አሁንም እየተጋፋ ይገባል።

"እሺ ልምጣ። መጥቼስ? እሱ እጄን ጨብጦ፣ 'ራሱ የመረጠው ነው' ብሎ ጥርሱን ያሳያል። እኔም አብሬ ልግጠጥ?"

"ምን ላድርግልዎ?"

"እሱ እንዳይሰጠኝ። አንቺ ስጪኝ። ስትሰጪኝ ደግሞ ይሄን ዕቃ ማንን አስቤ እንደመረጥኩት ተናገሪ። ምን ብዬ እንደመረጥኩትም። እሱ ፊት። ካሜራው እያየ።"

"እኔ?" አለች። "እኔ እኮ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም፣ ጋሼ።"

"እኔስ ሰው ፊት ቆሜ ስጦታ ተቀብዬ አውቃለሁ?"

ሾፌሩ መሪውን ይዞ በመስኮት አንገቱን አወጣ። "እህቴ፣ ይሄ ሰውዬ ነገ ጡረተኛ ነው፤ ምንም አያገኘውም። አንቺን ግን የመጨረሻው ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ድረስ ነው የሚወረውሩሽ። ጋሽ መቀስ፣ ተዋት በናትህ፤ ምስኪን ናት።"

"ምስኪን" የሚለው ቃል እንደ ጥፊ ተሰማት። ሰው ሁሉ እንደዚያ ይላታል፤ እሷም እንደ ምርቃት ስትቀበለው ኖራለች። ጠዋት ጠዋት አምላኳን ትዕግሥት ስትለምን፣ የተሰጣት ትዕግሥት ይሁን ፍርሃት አንድ ቀን እንኳ መርምራ አታውቅም። አሁን፣ በበዓል ገበያ መሐል፣ ሽማግሌው መልስ እየጠበቀ፣ መረመረችው። ባገኘችውም አፈረች።

"መቼም እምቢ ካልሽ አልቀየምሽም" አለ አትክልተኛው፣ የመኪናውን በር እየከፈተ። "ብቻ 'ታሞ ቀረ' ብለሽ አትጻፊ። 'እምቢ አለ' ብለሽ ጻፊ።"

"አልጽፍም" አለች። "እርስዎ ይመጣሉ። እኔ ነኝ የምሰጥዎት። ያሉትንም እናገራለሁ።"

"እሱ እያለ?"

"እሱ እያለ።"

ሾፌሩ "በስመአብ" ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ሴትዮዋ በመስኮቱ እጇን አስገብታ፣ ለሥራ አስኪያጁ ሊያስረክበው ከፊቱ ያስቀመጠውን የሰንጢ ሳጥን አነሳችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።