ልብስ አስጥተሻል?

«ያ የባልሽ ጓደኞች ሚኒባስ መጣ» አለች ሬዲዮ፣ በመስኮቱ አጮልቃ። ሬዲዮ ስሟ አይደለም፤ ወሬ ሳትነግር ስለማታድር ሰፈሩ ያወጣላት ነው።

ልብስ ሰፊዋ ቀና አላለችም። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ሰው ሲገባ መነሳት፣ ሰው ሲወጣ መነሳት፣ «እግዜር ያጥናሽ» ሲሏት ራሷን መነቅነቅ፤ ጉልበቷ አልቋል። ስፌት መኪናዋ ላይ የለቀስተኛ ካፖርት ተከምሯል። እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል፤ በዚያም ታፍራለች።

«ደመና ያባርራሉ አሉ» ሬዲዮ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «እኔ እንደሆንኩ ነግሬሻለሁ። ቀሚስ እንጂ ደመና የሚያባርር ወንድ አላየሁም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አፈሩ እንኳ አልደረቀም እኮ።»

እንዲህ አለቻት እንጂ ነገሩ እሷንም ይበላታል። ባሏ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ሰማዩ ጠቆር ባለ ቁጥር መፍቻውን ጥሎ ከጓደኞቹ ጋር ገጠር ለገጠር ይዞራል፤ በረዶ የት ጣለ፣ መብረቅ የት ወረደ ሲሉ። የሰው ቧንቧ ያንጠባጥባል፣ እሱ ዝናብ ሊያይ ይሄዳል።

ደግሞ ሁልጊዜ እኩለ ቀን ላይ ይደውላል። እንዴት ዋልሽ የለ፣ ናፈቅሽኝ የለ። «ልብስ አስጥተሻል?» ብቻ።

«አስጥቻለሁ» ትለዋለች፤ ወይም «ኧረ አስገባሁት፣ ሊያካፋ ነው።»

«በይ እሺ» ብሎ ይዘጋል።

ሬዲዮ ይህን ስትሰማ፣ «ቤት መሆንሽን እያጣራ ነው፤ ተከትለሽ እንዳትደርሺበት» አለቻት። ነገሩ ሆዷ ገባ። የመጨረሻው ቀን ሲደውል ስልኩን ቁጭ ብላ አየችው። ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ።

ሁለቱ ጓደኞቹ፣ የሚኒባሱ ሹፌርና ፀጉር አስተካካዩ፣ ገብተው ጥግ ያዙ። ሻይ መጣላቸው።

«ጋቢናው ባዶውን መጣ፣ እትዬ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «መቀመጥ ከበደኝ። የሱ ቦታ ነዋ። ውርርድ ነበረን፤ ምሳ ስንበላ ‹አሁን ቤት ምን ዓይነት አየር ነው?› እንባባላለን። ቀድሞ መደወል ክልክል ነው። ሁላችንም ገምተን ስናበቃ ሱቄ ደውዬ አጣራለሁ። ያወቀ ሲመለስ ጋቢና ይቀመጣል።»

«አንዴም ስቶ አያውቅም» አለ ሹፌሩ። «ነፋሱን አሽትቼ ነው ይለናል። መጀመሪያ ግን ‹ሽንቴን ልሽና› ብሎ ከዛፍ ኋላ ዞር ይላል።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። «እኩለ ቀን ላይ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

አፏን በሻርፗ ሸፈነች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አለቀሰች ብለው ሊያጽናኗት ተነሱ፤ ለካ ሳቅ ነው።

«ያ አጭበርባሪ» አለች። «‹ልብስ አስጥተሻል?› እያለ ለኔ ይደውል ነበር።»

ፀጉር አስተካካዩ ጭኑን መታ። «እኔን ይሄን ሁሉ ዘመን ከኋላ፣ ከትርፍ ጎማው ጋር ሲያንገላታኝ።»

ሬዲዮ ሻይዋ ላይ አቀረቀረች።

«የመጨረሻውስ ቀን?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሳቋ ሲያባራ።

ሁለቱ ተያዩ።

«የዚያን ቀን ከዛፉ ኋላ ቆየ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ሲመጣ ‹ዛሬ የቤቱን አላውቅም› አለ። ጋቢናውን ለኔ ለቆ ኋላ ገባ። ተኝቷል ብለን እኮ ነው...» የገደለው ልቡ መሆኑን ሐኪሙ ነግሯታል።

ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ወዴት ነው? አረፍ በይ እንጂ» አሏት። ወደ ጓሮ ወጣች።

የባሏ የሥራ ሸሚዝ እሱ ከሄደበት ቀን ጀምሮ ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፏል። ውሃው ሸቷል። አለቅልቃ ጨመቀችው፣ አራግፋ ሽቦው ላይ ዘረጋችው። አንዱን እጅጌ በመቆንጠጫ ያዘች። ወደ ላይ አየች፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል።

«አስጥቻለሁ» አለች ቀስ ብላ፣ ሁለተኛውንም እጅጌ ያዘች።