የውዴ ውሃ ጥም

የውዴ የመጀመሪያ ልጅ ከመጠን በላይ ገዝፎ ምጥ ላይ ሞቶባት ነበር። ሁለተኛውን ስታረግዝ ደብረ ታቦር የምትሠራው አዋላጅ ሲስተር ገነት፣ «በእርግዝና የሚመጣ ስኳር አለ፤ ቀድመን እንከላከለው» ብላ የውዴን ባል የዓለምነውን ስልክ ቁጥር መዘገበች። በየሳምንቱ የጤና ምክር የያዘ መልእክት ይገባለት ጀመር።

ከገሳይ ከተማ በላይ ባለው ቤታቸው ዓለምነው ከእርሻ ሲመለስ ጮክ ብሎ ያነብላታል። ስኳርና ለስላሳ ተዪ፤ ጎመን አዘውትሪ፤ በእግርሽ ተንቀሳቀሺ። ውዴ ሁሉንም አደረገች። አማቷ ማር ሲያቀርቡላት «ይቅርብኝ እማማ» ስላለቻቸው ተቀየሟት።

ገብስ ሲታጨድ ውሃ ጥም ያዛት።

«እንስራውን ብጨርሰውም አይቆርጥልኝም» አለችው።

ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ መኪና ቆሟል። ዓለምነው መልእክቱ ወደሚመጣበት ስልክ ቁጥር ጻፈ፦ «ሚስቴ ውሃ ጥም ጠናባት። ምን ላድርግ?» መልስ የለም። ደግሞ ላከ። በማግስቱ አንድ መልእክት ገባ፦ «ጎበዝ እናት! ዛሬስ በእግርሽ ተንቀሳቀስሽ?»

«ማነው እንዲህ የሚለኝ?»

«እኔ እንጃ። ሰው አይመስለኝም።»

መንገዱ እንደተከፈተ ደብረ ታቦር ወረዱ። ሲስተር ገነት የውዴን ጣት ወግታ ደሙን ለካችና መሣሪያውን አተኩራ አየችው።

«ስኳርሽ በጣም ወጥቷል።»

«ያላችሁኝን ሁሉ አድርጌያለሁ!»

«አውቃለሁ እህቴ። ጥፋትሽ አይደለም። ተጠንቅቃም የሚይዛት አለች።»

ዓለምነው ስልኩን አወጣ። «ጽፌ ነበር እኮ።»

ገነት አነበበችው። «ወደኛ አይደርስም» አለች ቀስ ብላ። «መልእክቱን የሚልከው ማሽን ነው፤ መላክ ብቻ ነው የሚችለው። ይህን ልንነግራችሁ ይገባ ነበር።»

ሆስፒታል ተኝታ ኢንሱሊን ተጀመረላት። ሆኖም ፅንሱ በጣም ስለገዘፈ በቀዶ ጥገና አወለዷት። ወንድ ልጅ ነው፤ በሕይወት ተወለደ። ግን ወዲያው ስኳሩ ወርዶ ሰውነቱ ዛለ፤ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ይዘውት ሮጡ። ዓለምነውን ከበሩ መለሱት።

ውዴ ከሰመመኑ ስትነቃ ባሏ አጠገቧ ቆሟል።

«አለ?»

«አለ። ግሉኮስ ሰክተውለታል። ገና ነው፣ ጠብቁ ብለውናል።»

«አለቀሰ?»

ዓለምነው ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ።

«አፉን ሲከፍት አየሁት» አላት። «በበሩ መስታወት ነው ያየሁት፤ ድምፁ ወደ ውጭ አይወጣም።»