ከሰዓት በኋላ የወፈረው ጅራት

ላብራቶሪ ውስጥ ሁሌ የሚጣደፈውን የዶክትሬት ተማሪ ሁላችንም የምንጠራው «ቶሎ ቶሎ» እያልን ነው። የዶክትሬት ጥናቱን ነገ ጠዋት ገምጋሚዎች ፊት ያቀርባል፤ እናቱም ያንን ለማየት ከትናንት ጀምራ አውቶቡስ ላይ ናት። እኔ ከእሱ ሥር የምሠራ ተማሪ ነኝ፤ ሌዘሩን የማስተካክለውም፣ ቆጠራውን የምከታተለውም እኔ ነኝ።

የመጨረሻው ምዕራፍ የቆመው በአንድ ግራፍ ላይ ነው። ብርቱ የሌዘር ብርሃን አቶም ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኑን አስሮ የያዘውን ኃይል ያሳሳዋል፤ ኤሌክትሮኑም በሳሳው በኩል ሾልኮ ይወጣል። ብርሃኑ ግን ወዲያው አቅጣጫውን ስለሚገለብጥ፣ ያወጣውን መልሶ ወደ አቶሙ የሚወረውርበት ጊዜ አለ። ተመልሰው ከተላተሙት ጥቂቶቹ ነጥረው ከሁሉም በላይ ፈጥነው መቁጠሪያችን ዘንድ ይደርሳሉ። ግራፉ ላይ ረጅም ጅራት ይሠራሉ። የቶሎ ቶሎ ምዕራፍ ያ ጅራት ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ ጅራቱ ጠዋት ቀጭን፣ ከሰዓት በኋላ ወፍራም መሆኑ ነው። አቶሞቹ የሚመጡበት ጋዝም ብርሃኑም ያው ነው። የላብራቶሪያችን ልማድ ሆኖ፣ ጋዙ ተዘግቶ ባዶው፣ ማለትም ከጋዙ ያልመጣው፣ የሚቆጠረው ጠዋት አንዴ ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከምንቆጥረው ላይ የምንቀንሰው እሱኑ ነው። ሌዘሩ ግን እየጋለ ሲሄድ ጨረሩ ቀስ እያለ ይንሸራተታል።

ደጋግሜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ።

«ምን ሆንሽ፣ ዝምተኛዋ? ዓሣ መሰልሽ እኮ» አለ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

«ከሰዓት በኋላ ጨረሩ የሚያልፍበትን የብረት ቀዳዳ ጠርዝ የሚነካ ይመስለኛል። ከብረቱ የሚወጡ ኤሌክትሮኖች ከአንተ ኤሌክትሮኖች ጋር እየተቆጠሩ ይሆናል።»

ሳቀ። «ዓመቱን ሙሉ ትንፍሽ ሳትይ ከርመሽ፣ ዛሬ ተናገርሽና ቤቴን አፈረስሽው!»

«ሳህኗን እናዙራትና እንይ።»

ሳቁ ቆመ። ሳህኗ የብርሃኑን ውዝዋዜ የምትቀይር ስስ ክሪስታል ናት። ስትዞር ብርሃኑ ወዲያና ወዲህ ማለቱን ትቶ ይሽከረከራል፤ ኤሌክትሮኑም በጎን ተወስዶ ይቀራል እንጂ ከአቶሙ ጋር አይገናኝም። እውነተኛው ጅራት መጥፋት አለበት። ከብረት የመጣው ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም።

«የሚያማክሩኝ ፕሮፌሰር ግራፉን እየጠበቁ ነው» አለ። «ከነገ በኋላ ብናዞራትስ?»

ከነገ በኋላማ ስህተቱን ገምጋሚዎች ፊት አቅርበኸዋል ልለው ነበር። ግን ጨካኝ መሰለኝ። ያኔ ስልኩ ጮኸ፤ እናቱ ናት። «ልጄ፣ ይሄ ሹፌር እንዳንተ አይደለም፣ ሲንቀራፈፍ ለጉድ ነው!» ስትል እኔ ድረስ ተሰማኝ።

«አይዞሽ እማዬ፣ በሰላም ግቢ» ብሎ ዘጋ። ስልኩን አስቀምጦ ግራፉን አየው።

«አዙሪያት» አለኝ።

መነጽሬን አጥልቄ ጥቁሩን መጋረጃ ገልጬ ገባሁ። ሳህኗን አዞርኳት። ስወጣ ቶሎ ቶሎ ቆሞ ስክሪኑ ላይ አፍጧል። ሳይላተሙ የወጡት ቀርፋፎቹ ኤሌክትሮኖች ከነበሩበት ብዙም አልተነቃነቁም። ጅራቱ ወረደ፣ አሁንም ወረደ፣ ከዚያ ቆመ። ከግማሽ በላዩ ጠፍቷል፤ የቀረው ግን ንቅንቅ አላለም።

«የትኛው ነው የእኔ?»

«የጠፋው።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ንዴት ፈለግሁ፤ ያየሁት ድካም ነው።

«እንግዲያው እውነተኛው ጅራት አለ» አለ ቀስ ብሎ። «መጠኑን ነው የማላውቀው።»

ፕሮፌሰሩ ጋ ደወለ። «ነገ አልቀርብም» አላቸው። ምክንያቱን ሲጠየቅ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋው። በስልክ መነጋገር እንደሚያስፈራኝ ያውቃል። ተቀበልኩት። ስለ ጨረሩ፣ ስለ ጠርዙ፣ ስለ ጠዋቱ ባዶ ቆጠራ ነገርኳቸው። መሃል ላይ ድምፄ ሲጠፋ ቶሎ ቶሎ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ፤ አላቸኮለኝም።

«ቀኑን አስቀይራለሁ» አሉ ፕሮፌሰሩ፤ ደስ ያላቸው ግን አይመስሉም።

«እናቴን ምን ልበላት?» አለኝ ስልኩን ስመልስለት።

«መጀመሪያ ሂድና ከመናኸሪያ ተቀበላት።»

ኮቱን አንሥቶ ወጣ። እኔ ጋዙን ዘግቼ ባዶውን እንደገና መቁጠር ጀመርኩ።