ቀጮ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር

ወንድሜ ታላቄ ነበር፤ በቁመትም ቢሆን በአንድ ጭንቅላት ይበልጠኛል። ቀጮ የሚለውን ስም ያወጣችለት እማዬ ናት። ከእሷ ሰፈሩ ተቀበለ፣ ከሰፈሩ ደግሞ ደንበኛው። ቧንቧ የፈነዳበት ሰው ሁሉ «ቀጮን ጥሩልኝ» ነበር የሚለው። እኔን ደግሞ «የቀጮ ወንድም» ይሉኛል።

አብረን እንሠራ ነበር ይባላል። እውነቱን ለመናገር እሱ ያወራል፣ እኔ እሠራለሁ። ደንበኛ ቤት ሲገባ አሮጊቷን አስቆ፣ ሕፃኑን አቅፎ፣ ከባልየው ጋር ስለ ኳስ ተከራክሮ፣ መፍቻውን የሚያነሳው ሊመሽ ሲል ነው። ሲያነሳውም ግራኝ ነው። ቴፍሎኑን፣ ውሃ እንዳያፈስ የሚጠመጠመውን ነጭ ስስ ጥቅል፣ የቧንቧው ጥርስ ላይ በተቃራኒው ይጠመጥመዋል። እንዲያ የተጠመጠመ ቴፍሎን ቧንቧው በጠበቀ ቁጥር እየተፈታ ይሄድና ውሎ አድሮ መንጠባጠቡ አይቀርም። ስንት ጊዜ ነገርኩት! «እሱን ካስተካከልኩ አንተ ምን ልትሠራ ነው?» ይለኛል እየሳቀ። ወጣትነቴ ያለቀው እሱ የጠመጠመውን ፈትቼ ስጠመጥም ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ ቀን ዕቃ ሊገዛ ከከተማችን ዳር ያለውን ሐይቅ ተሻግሮ ሄደ። ሲመለስ ነፋስ ተነሣና ጀልባዋ ተገለበጠች። የሌሎቹ አስከሬን አንድ በአንድ ወጣ። የእሱ አልወጣም።

እማዬ «ልጄን በዓይኔ ሳላይ አላለቅስም» አለች። ጎረቤቶች ሊያጽናኗት ሲመጡ በር ላይ ቆማ መለሰቻቸው። ሰው ፈራትና ሁለተኛ የሞከረ የለም። በመንገዱ በኩል ያለው ክፍሉ እንደነበረ ቀረ፤ አልጋው እንደተነጠፈ፣ ጫማው አልጋው ሥር። እኔም አላለቀስኩም። እናቱ ሳታለቅስ እኔ ምን ቤት ነኝ ብዬ ዋጥ አደረግኩት።

ከዚያ ዓመት አልፎ አንድ ሕንፃ ተቋራጭ ሥራዬን ወደደልኝ። «እጅህ ጥሩ ነው» አለኝ፣ «ግን እኔ ማኅተም ከሌለው ሰው ጋር አልዋዋልም። ድርጅት አቋቁምና ና።» በዚህ ምክንያት እማዬና እኔ አንድ ጠበቃ ፊት ተቀመጥን። ሁለት አባል ያስፈልግ ነበር፤ ከእሷ ሌላ ማን አለኝ?

ጠበቃው ወሬ የሚወድ፣ ብዕሩን ጆሮው ላይ የሚሰካ ሰው ነው። «ይህንን ማኅበር ራሱን እንደቻለ ሰው ቁጠሩት» አለን። «ስም አለው፣ አድራሻ አለው፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። እንበልና ቧንቧ ፈንድቶ የሰው ቤት አጥለቀለቀ። የሚጠየቀው እሱ ነው፣ ያውም ባለው ንብረት ልክ። እማማ፣ የእርስዎን ቤት ማንም አይነካውም።»

እማዬ እስከዚያ ድረስ መስኮት መስኮቱን ነበር የምታየው። ዞር አለች። «ሰው ነው አልከኝ?»

«በሕግ ፊት አዎ።»

«ይታመማል?»

ጠበቃው ሳቅ አለ። «የለም እማማ፣ ምን ያሳምመዋል?»

«አይሞትም ማለት ነዋ።»

«አይሞትም። አባላቱ ቢሞቱ እንኳ እሱ ይቀጥላል። እናንተው ተስማምታችሁ ይፍረስ ካላላችሁ በቀር።»

የራስ ሻሿን አጠበቀች። «እንግዲያው ስሙ ቀጮ ይሁን» አለች።

እኔ ሌላ ስም አስቤ ነበር። ጠበቃው አየኝ፣ እኔ መሬት መሬት አየሁ፣ እሱም ጻፈ። መዝጋቢ መሥሪያ ቤት ስንሄድ ጸሐፊዋ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳትል «ቀጮ ማነው?» ብላ ጠየቀች። «ልጄ ነው» አለች እማዬ። ጸሐፊዋ እኔን ቀና ብላ አየችና በሆዴ ዙሪያ ዓይኗን አዙራ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ቢሮ የከፈትነው እሱ ክፍል ውስጥ ነው፤ መንገድ ዳር ያለው ሌላ ክፍል የለንም። አልጋው እንዳይነካ ተባለ። ጠረጴዛዬን ከአልጋውና ከግድግዳው መካከል ሸጎጥኳት። የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን እማዬ በመስታወት አስገጥማ ከትራሱ በላይ ሰቀለችው።

ስልኩ መደወል የጀመረው ወዲያው ነው። «ሃሎ፣ ቀጮ ነው?» ይላሉ። መጀመሪያ ላይ «አዎ፣ የቀጮ ድርጅት ነው» እያልኩ ነበር የምመልሰው። ሰው የቸኮለ ነው፤ ወጥ ቤቱ ውሃ ሞልቶ ማብራሪያ የሚሰማ የለም። ቀስ በቀስ «አዎ፣ ቀጮ ነው» ማለት ጀመርኩ። ኋላማ «አዎ» ብቻ ሆነ። ፖስታው በስሙ ይመጣል፣ ግብሩ በስሙ ይከፈላል፣ ደረሰኙ ላይ ያለው ክብ ማኅተም ስሙን ይዞ ይዞራል። ጠዋት ጠዋት እማዬ በሩ ላይ ቆማ «ቀጮ እንዴት ነው?» ትለኛለች። «ሥራ ሞልቶታል» እላታለሁ። «ጎሽ» ብላ ትሄዳለች። የቱን እንደምትጠይቀኝ አንድም ቀን አላጣራሁም።

ሥራው ሠመረ፣ መካድ አልችልም። እኔ በባሕሪዬ ኮስታራ ነኝ፤ ደንበኛ ቤት ገብቼ ሠርቼ መውጣት እንጂ ጨዋታ አላውቅም። አሁን ግን አሮጊት ሳስቅ፣ ሕፃን ሳቅፍ ራሴን አገኘዋለሁ። ከየት እንዳመጣሁት የማላውቀው ቀልድ ይመጣልኛል። ማርፈድም ጀመርኩ። ሰው ሲቆጣኝ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ አልፈዋለሁ፤ እሱም ይስቃል።

በክፍሉ ግድግዳ ውስጥ ያለው ቧንቧ እኩለ ቀን ላይ ይንኳኳል። መንኳኳቱ የሚያስደነግጠው ሌላውን ሰው እንጂ ቧንቧ ሠራተኛን አይደለም፤ መስመሩ ውስጥ አየር ሲገባ እንደዚያ ያደርጋል። ግድግዳውን ፈልፍዬ ቧንቧውን አሰርኩት፣ አየሩን አስወጣሁት፣ መልሼ ለሰንኩት። በማግሥቱም ተንኳኳ። ከዚያ በኋላ ነካ አላደረግኩትም፤ ሳይንኳኳ የቀረ ቀን እንዲያውም ቅር ይለኝ ጀመር።

ሚስቴ ቀጮን አታውቀውም፤ ያገባኋት እሱ ከሄደ በኋላ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ምሳ ይዛ ስትመጣ አልጋው ላይ ተኝቼ አገኘችኝ፣ ከነጫማዬ። መቼ እንደተጋደምኩ አላውቅም። የጨማደድኩትን አንሶላ አስተካከለች።

«ትናንት ስልክ ላይ ስትስቅ ሰማሁህ» አለችኝ። «እናትህ ሰምታ ካለችበት ተነሥታ መጣች። የማን ሳቅ ነው?»

«የኔ ነዋ፣ የማን ይሆናል?»

«አንተ እንደዚያ አትስቅም። እኔ ሰውየውን አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም፣ ግን አብሬው እየኖርኩ ነው።»

ተቆጣኋት። የተቆጣሁት ልክ ስለሆነች ነው። ምሳውን ሳልበላ ወጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ልብስ ሰፊ ደወለ። ከእሱ ሱቅ በላይ ያለውን ወጥ ቤት ለተቋራጩ የሠራሁት እኔ ነኝ። ስደርስ ኮርኒሱ ወርዶ የስፌት መኪናው ላይ ተዘርግቷል፤ የሰው ጨርቅ፣ የተቆረጠ ኮት፣ ገና ያልተነካ ሱፍ፣ ሁሉም ርሷል። ሽማግሌው መሀል ቆሞ ጨርቁን ይጨምቃል።

«አንተን አልልህም ልጄ፣ አንተ ተላላኪ ነህ» አለኝ። «ያንን ቀጮ የምትሉትን ሰውዬ አምጡልኝ። ምን ዓይነት ኅሊና ቢስ ነው? እጁ ይሰበርና!»

ላይ ወጥቼ መገጣጠሚያውን ፈታሁት። ቴፍሎኑ በተቃራኒው ነው የተጠመጠመው። እኔ በቀኜ ነው የምሠራው። ያንን መገጣጠሚያ ብቻዬን ነው የሠራሁት፤ ከእኔ ሌላ ሰው የነካው እንደሌለ ከልቤ አውቃለሁ። ቁጭ ብዬ እጄን አየሁት። የራሴ እጅ ነው፣ ጠባሳው እንኳ የራሴ ነው። ፈራሁ። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ጠበቃው ጋ ስሄድ እንዲያውም ደስ አለው። «ለዚህ ቀን አይደል ያቋቋምነው? አንተ የለህበትም፤ የእናትህም ቤት የለበትም። የሚጠየቀው ቀጮ ነው።»

«የጠመጠምኩት እኔ ነኝ እኮ።»

«አንተ ሠራተኛው ነህ። ጥፋቱ የማኅበሩ ነው፣ የቀጮ ነው።»

ደሜ ፈላ። ቀጮ ሰነፍ ነው፣ አርፋጅ ነው፣ ገልብጦ መጠምጠሙም የታወቀ ነው። ግን የዚያን ሰውዬ ቤት አንድ ቀን ረግጦ አያውቅም። እኔ ላጠፋሁት እሱ ይሰደባል፣ እሱ ይረገማል፤ መልስ መስጠት የማይችለውን ሰው ከፊቴ አቁሜ ከኋላው ተደብቄያለሁ። ተነሥቼ ወጣሁ። ኮርኒሱን በራሴ እጅ ሠራሁት፣ ጨርቁንም ተካሁለት። ሰውየውም በየመሀሉ ቀጮን መርገሙን አላቆመም። እኔም እውነቱን የምነግርበት አፍ አጣሁ።

ማኅበሩን ካላፈረስኩት እሱ እንደሚኖርና እኔ እንደማልኖር የገባኝ ያኔ ነው። ችግሩ የእማዬ ፊርማ ነው። አይሞትም የተባለላትን ልጇን «ነይ አብረን እንግደለው» እንዴት ተብሎ ይነገራል?

የውሳኔውን ወረቀት አስጽፌ ብዙ ቀን ኪሴ ውስጥ አመላለስኩት። በመጨረሻ እኩለ ቀን ላይ አልጋውን ስታነጥፍ ገባሁና «እማዬ፣ ማኅበሩን ማፍረስ እፈልጋለሁ» አልኳት። ከኋላው የሚከተል ብዙ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር።

ትራሱን ደልደል አደረገች። «የቱ ጋ ነው የምፈርመው?» አለችኝ።

እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ በፊት ተቀምጣበት አይቻት አላውቅም።

«እስክትጠይቀኝ ነው የጠበቅኩት» አለች። «ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ መሞቱን መቀበል ልቤ እምቢ ብሎኝ ነበር። ኋላ ግን አንተ ስልኩን እያነሳህ አዎ፣ አዎ ስትል ሰማሁ። አንዱን ውሃ ወሰደብኝ፣ ሌላውን ደግሞ ስልክ ሊወስድብኝ ነው አልኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ስትስቅ ሰማሁህ። ከእሱ ጋር ደስ ብሎህ አየሁ። ከልጅነትህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። እንዴት ብዬ ልጨክንብህ?»

ፈረመች። እኔም ፈረምኩ። ማኅተሙን ቀለም አስነክቼ ወረቀቱ ላይ ማሳረፍ ግን አቃተኝ፤ እጄ አየር ላይ ቀረ። «ለነገ ይቆይ» አልኳት። ማኅተሙን ከእጄ ወሰደችና ራሷ መታችው።

ማስታወቂያው በጋዜጣ ወጣ። ቀጮ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲፈርስ ተወስኗል፣ ጥያቄ ያለው ይቅረብ ይላል። ጠበቃው ዕዳ ሊጠይቅ የሚመጣ ባለገንዘብ እንደሌለ አረጋግጦልኝ ስለነበር ማንንም አልጠበቅኩም።

እሑድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ልብስ ሰፊው ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

«ተቋራጩ ነገረኝ» አለኝ። «ሞቶ ነው ለካ። እኔ የሞተን ሰው ነው እንደዚያ ስረግም የከረምኩት። እናትየዋን ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ከኋላው ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ ያኔ በር ላይ የተመለሱት፣ ጥቁር የለበሱም አሉባቸው። እኔ ክንዴን በበሩ ላይ ጋረድኩ። «የድርጅት ጉዳይ ነው» አልኳቸው። «ጋዜጣው ላይ ያያችሁት የድርጅት ጉዳይ ነው፣ ሌላ ምንም ነገር የለም።»

«እናውቃለን ልጄ» አለችኝ በአጥር የምንዋሰናት ሴትዮ። «መምጫ አጥተን ነው የከረምነው።»

ክንዴን አላወረድኩም። እንዲሄዱልኝ ፈልጌ ነበር። ያ ሁሉ ዓመት አላምንም ያለችው እናቴ መስላኝ ነበር፤ በር ላይ ቆሜ ሰው የምከለክለው እኔ ነኝ። እማዬ ከኋላዬ መጥታ ክንዴን በቀስታ አወረደችው። «ግቡ» አለቻቸው። ገቡ፣ ተቀመጡ። ልብስ ሰፊው ጉልበቷን ይዞ አንድ ነገር አላት፤ እሷም እጁን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። ሚስቴ አጠገቧ ሆና ደገፈቻት። ሁሉም አለቀሰ። እኔ ብቻ ግድግዳ ተደግፌ ተናድጄ ቆሜያለሁ።

ስልኩ ጮኸ። ወደ ክፍሉ ገባሁና አነሣሁት።

«ሃሎ፣ ቀጮ ነህ?» የሴት ድምፅ ነው፣ ቸኩላለች።

እኩለ ቀን ሆኗል። ግድግዳው ግን አልተንኳኳም።

«ሃሎ? ቀጮ?»

«አይደለሁም» አልኳት። «ቀጮ ሞቷል።»

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። መሬት ላይ ተቀምጬ ስልኩን እንደያዝኩ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሴትዮዋ አልዘጋችውም። እስኪወጣልኝ ጠበቀችኝ።

«ነፍሱን ይማር» አለችኝ። «አንተ ምኑ ነህ?»

«ወንድሙ ነኝ።»

ከኋላዋ ውሃ ሲፈስ ይሰማኛል። ልትናገር ትጀምርና ታቆማለች። «ሰዓቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለች በመጨረሻ፣ «ግን ወጥ ቤቴ ሊሰምጥ ነው። አንተስ ቧንቧ ትሠራለህ?»

«እሠራለሁ» አልኳት። «መዝጊያውን እስከዚያ ወደ ቀኝ አጥብቂው፤ እመጣለሁ።»

«ማን ልበል?»

ስሜን ነገርኳት።